ከምድጃው ጀርባ ያለው ክፍል

ሰውዬው የሞተው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። ቀኝ ጉንጩ በተከፈተ ደብተር ላይ አርፏል፤ እስክሪብቶው ከጣቶቹ መካከል አልወጣም። ፊቱ የሞተ ሰው ፊት አይመስልም። ጉንጩም ከንፈሩም ቀልቷል፤ የሚያሳፍር ነገር ሰምቶ አንገቱን የደፋ ሰው ይመስላል።

መርማሪዋ ደፉ ላይ ቆማ ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ አየችው፤ ቀጥላ ከቀኝ ወደ ግራ። ርዝመቱ አራት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት። በግራ የዳቦ ምድጃው የጀርባ ግድግዳ አለ፤ ጡቡ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። በቀኝ ሊጥ የተደረደረባቸው ትሪዎች መደርደሪያውን ሞልተውታል። ፊት ለፊት፣ ከጣሪያው ሥር፣ ወደ ጓሮው መተላለፊያ የሚወጣ መተንፈሻ አለ፤ ከውስጥ በኩል አግድም በተረበረቡ ቆርቆሮዎች ተሸፍኗል። ጥግ ላይ አንድ የልጃገረድ ሹራብ በሚስማር ተሰቅሏል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዱቄት ለብሷል። ሹራቡ ብቻ ንጹሕ ነው።

«ማን ነው?» አለች።

«የመንግሥት ሰው ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ አብሯት የመጣው ሃምሳ አለቃ። «አዲስ ደንብ ሊወጣ ሲል ትንንሽ ሱቆችን ምን ያህል እንደሚነካ እየዞረ የሚያጠና። ሰፈሩ ‹ሩብ ሰዓት› ይለዋል።»

«ለምን?»

«ሱቁ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ይቀመጥና በየሩብ ሰዓቱ ያየውን ይጽፋል። ‹ብታስነጥስ እንኳ ይመዘግብሃል› ይላሉ።»

ሬሳውን ሲመረምር የቆየው ሐኪም ቀና አለ። «የከሰል ጭስ መርዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ቆዳውን ግን እንዲህ ያቀላዋል። ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ሞቷል። በዚያ ስንጥቅ ነው የገባው።» ወደ ግድግዳው አመለከተ፣ ከዚያም ወደ መተንፈሻው። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቀዳዳው ክፍት ነው። ይህ ክፍት እያለ ሰው ራሱን ያመው ይሆናል እንጂ አይሞትም።»

በዚህ መካከል ግድግዳው ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ በጣት አንጓ እንደሚንኳኳ፣ ሦስት ጊዜ።

ሃምሳ አለቃው ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ምድጃው ሲቀዘቅዝ ጡቡ ነው» አለች መርማሪዋ። ይህን ብላም እጇን ከግድግዳው ላይ አነሳች።

ሬሳው ሲወጣ ደብተሩን ወደ ብርሃን ወሰደችው። ጽሕፈቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነበር።

«6:00፦ ጋጋሪው ትሪ አስገባ። በሩን እንደ ወትሮው እንዲዘጋው ነገርኩት። ክፍሉ ለብ ያለ ነው።
6:30፦ የሱቁ ባለቤት ለትምህርት ቤቱ ዳቦ ልታደርስ ስትወጣ ሰማሁ።
6:45፦ ለውጥ የለም።
7:00፦ ክፍሉ ሞቀ። ኮቴን አወለቅኩ።
7:15፦ ራሴን አመመኝ። ትናንት ስላልተኛሁ ይሆናል።
7:30፦ ዝናብ። ድምፁ ከሩቅ ይመጣል።»

ከዚህ በኋላ ፊደላቱ እየተለቁ፣ መስመሩን እየለቀቁ ሄደዋል።

«7:45፦ ግድግዳውን ሰው ያንኳኳል። ሦስት ጊዜ። ልጅቷ ናት?»

ቀጥሎ ወደ ገጹ ጠርዝ የወረደ አንድ ረጅም ጭረት ብቻ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አነበበ። «የትኛዋ ልጅ?»

መርማሪዋ ወደ ኋላ ገለጠች። በመጀመሪያው ቀን ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የመተንፈሻው መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ በጠዋቱ ሦስት ሰዓት የአሥራ አንድ ሰዓቱ ፊርማ ተፈርሞ አየሁ። ያየኋቸው ዘጠኙም ዳቦ ቤቶች እንዲሁ ናቸው።» በሁለተኛው ቀን ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ነገር በክብ ተከቧል፦ «ልጅቷ በሞተችበት ቀን ዳቦው ግማሹ ጥሩ፣ ግማሹ ጠፍጣፋ ነበር ይላሉ የቆዩ ደንበኞች። ለምን? እዚህ ያሉትን ሁሉ ጠየቅኩ። ሁሉም ረስተዋል።»

ወንበር ላይ ወጣችና ጣቷን በቆርቆሮዎቹ መካከል አስገባች። ስታወጣው ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል። አሸተተችው። ያልደረቀ የዱቄት ልቁጥ ነበር።

የጓሮው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ መሬቱም ከክፍሉ ወለል ከፍ ይላል። መተንፈሻው በውጭ በኩል በሰው ራስ ቁመት ላይ ይገኛል፤ ከግድግዳው ሥር ባዶ የዱቄት ጆንያዎች ተከምረዋል። ከላይ ያለውን ጆንያ አነሳች። በአንድ ጎኑ በዝናብ ርሷል፣ በሌላው ጎኑ ደረቅ ነው፤ መሐሉ ላይም እንደ ተጨማደደ ኳስ የመጠቅለል ምልክት አለው።

«ዝናቡ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል። ከዚያ በፊት ለሳምንት ጠብ አላለም» አለ ሃምሳ አለቃው።

መርማሪዋ ጆንያውን እንዲይዘው ሰጠችውና ወደ ሱቁ ተመለሰች።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣለች። እድሜዋ ሃምሳ አምስት ይሆናል፤ እጆቿን ደራርባ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች።

«ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«በዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። አንኳኳሁ፣ ዝም አለ። ገባሁ።» ትንፋሿን ሳበች። «ልጄ ከሞተች ወዲህ እዚያ ክፍል ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ትሪውን የሚያስገባውም የሚያወጣውም ወንድሜ ነው። ክፍሉን ልንዘጋው አልቻልንም። ትንሽ ሱቅ ለሐዘን የሚተርፍ ክፍል የለውም።»

«ልጅዎ እዚያው ነው የሞተችው?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ብርድ ብርድ ይለኛል ስትል ‹ገብተሽ ትንሽ ጋደም በይ፣ እዚያ ይሞቃል› ያልኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ምክንያቱ አልታወቀም ብሎ ጻፈ። ምድጃው ጋ የተሰቀለው ወረቀት መተንፈሻው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር ይላል፤ በየሰዓቱ ተፈርሞበታል። ክፍት ከነበረ ታዲያ ምን ገደላት? መልሱን ሰዉ ራሱ ሰጠ። እጮኛዋ በዚያው ወር ትቷት ነበር። ‹አንድ ነገር ጠጥታ ነው፣ ራሷን ነው› አሉ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«እኔ?» ሴትዮዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔ ዳቦ ሸጥኩላቸው።»

ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች።

«ይሄ ሩብ ሰዓት የሚሉት ሰው ከትናንት ወዲያ እዚሁ ቆሞ አንድ ነገር ነገረኝ። ዳቦ ቤቶች የጭስ ማራገቢያ እንዲያስገቡ የሚያስገድደው ደንብ ልጄ ከመሞቷ ከአንድ ዓመት በፊት ቀርቦ ነበር ለካ። ‹ለትንንሽ ዳቦ ቤቶች ይከብዳል፣ ይቆይ› ብሎ የጻፈው እሱ ነው። በትሪ ራሱን ልለው ነበር። ከዚያ ‹እናቴ፣ ልጅዎ እንዴት እንደሞተች ሳላውቅ ይህን ሪፖርት አልጨርስም› አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም፣ ኢንስፔክተር። የልጄን ስም የሚያጠራልኝ አገኘሁ አልኩ። አሁን እሱም እዚያው ቀረ። ‹ልጅቷ ጠራችው› ማለት ጀምረዋል፣ አልሰሙም?»

የሴትዮዋ ዓይን ባንኮኒው ዳር ወደተደረደሩት ትሪዎች ዞሮ እዚያው ቀረ። ለሠላሳ ዓመት የሠራ እጇ ሳይታዘዝ ሄዶ አንዱን ሊጥ ነካ አደረገ።

«ይሄ ደግሞ ምን ነካው?»

«ምን ሆነ?»

«አልነሳማ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ የዋለ ሊጥ በአሥር ሰዓት እንዲህ አይተኛም። ብርድ ቢሆን እንኳ ይዘገያል እንጂ ይነሳል። እርሾ አንሶታል።»

«ውስጥ መደርደሪያው ላይ ካለው የተለየ ሊጥ ነው?»

«አንድ ነው። በአምስት ሰዓት በአንድ ገንዳ ይቦካል፤ እዚያ ያልበቃው እዚህ ይቀመጣል።»

መርማሪዋ ተመልሳ ወደ ክፍሉ ገባች። እዚያ ያለው ሊጥ ክብ፣ ልስልስና እኩል ሆኖ ተነስቷል። አንዱም አልገነፈለም። ወደ ባንኮኒው ተመለሰች።

«በአንድ ገንዳ ስንት ፓኬት እርሾ ይገባል?»

«ሁለት። አይጨመር፣ አይቀነስ።»

«የሚያቦካው ማን ነው?»

«ወንድሜ። የእኔ የእጅ አንጓ ከተበላሸ አምስት ዓመቱ» አለች ሴትዮዋ።

ወንድሟ፣ ጋጋሪው፣ ሰፈሩ «ትኩሴ» የሚለው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ክንዱ በቃጠሎ ጠባሳ የተሸለመ ሰው ነው። ምድጃው አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

«መተንፈሻውን መቼ አየኸው?»

በአገጩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አሳያት። «በየሰዓቱ። ተጽፏል።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ተኩል።»

«የአሥራ አንድ ሰዓቱ ፊርማ የማን ነው?»

ሳቀ። «እውነቱን ልንገርዎት? ጠዋት ስገባ የቀኑን ሁሉ ፈርሜ እገላገላለሁ። እጄ ሊጥ ውስጥ ሆኖ በየሰዓቱ እስክሪብቶ ላንሳ? ሁሉም እንዲሁ ነው። ወንጀል ከሆነ እስር ቤቱን በጋጋሪ ይሙሉት፤ ቢያንስ የእስረኛው ዳቦ ይሻሻላል።»

ሃምሳ አለቃው ሳቁን በእጁ ሸፈነ።

«የዛሬ ሁለት ዓመትም እንዲሁ ነበር?»

የጋጋሪው ፈገግታ ጠፋ። «ያኔም።»

«ከስድስት እስከ ዘጠኝ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። እንጨት ላመጣ አንድ ሁለቴ ወደ ጓሮ ወጥቻለሁ። እንግዳውን ያየሁት በስድስት ሰዓት ትሪ ሳስገባ ነው። ‹ነገ እዚህ ክፍል ነው የምውለው› ብሎ ትናንት ለሁላችንም ነግሮናል።»

«ሹራቡን የምታራግፈው አንተ ነህ?»

ጥያቄውን አልጠበቀም። «ዱቄት ሲለብስ … ደስ አይለኝም» አለና ፊቱን ወደ ፍሙ አዞረ።

የዳቦ ቤቶች ማኅበር ሰብሳቢ ማዶ ካለው የራሱ ሱቅ ሳይጠሩት መጣ። ነገር ሁሉ በጽሑፍ ካልሆነ ስለማይሆንለት «ማመልከቻ» ይሉታል። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ይወቁልኝ፣ ሰውየውን ዝቼበታለሁ። ‹ይህን ማራገቢያ ካስገደድከን በቁማችን ቀበርከን› ብዬዋለሁ። ከአርባ ሱቅ አሥራ አንዱ ይዘጋል። ግን ልገድለው? ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው መግደል ብፈልግ አስቀድሜ በሦስት ኮፒ አመለክት ነበር።»

«ዛሬ በጓሮ መተላለፊያው አልፈሃል?»

«በሰባት ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ሳይጀምር።»

«መተንፈሻውን አየኸው?»

«ማን ቀና ብሎ ያያል! እኛ የምናየው ወረቀቱን ነው።» የተናገረውን ራሱ ሰማውና ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጅቷ ስትሞትም ያየነው ወረቀቱን ነው።»

በመጨረሻ የሟቹ አለቃ፣ የጥናት ክፍሉ ኃላፊ መጣ። ጫማው ንጹሕ፣ አነጋገሩ ቁጥብ ነው።

«በስምንት ሰዓት በዝናብ መጥቼ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። የክፍሉን በር አንኳኳሁ፤ መልስ ሳጣ ጊዜ ሄድኩ።»

«ለምን አልከፈቱትም?»

«ቸኩዬ ነበር። ሪፖርቱ ለነገ ይፈለግ ነበር። እሱ ደግሞ ‹የሞተችውን ልጅ ሳልጨርስ› እያለ …»

«መደምደሚያው ቀድሞ ተጽፎ ነበር?»

«ረቂቅ አዘጋጅተን ነበር። ‹ደንቡ በአነስተኛ ንግዶች ላይ ጉልህ ጫና የለውም› የሚል።»

«እርስዎም እንደ ጋጋሪው ጠዋት ነው የሚፈርሙት» አለች መርማሪዋ። ቀጥላ በዚያው ድምፅ፣ «ሐኪሙ ስምንት ተኩል ላይ ሞተ ይላል። እርስዎ በስምንት አንኳኩ» አለችው።

ኃላፊው ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ።

ሁሉም ሲሄዱ ሃምሳ አለቃውን የቆሻሻውን በርሜል እንዲገለብጥ አዘዘችው። «የዛሬውን ብቻ ለይ። የእርሾ ፓኬት ቁጠር።»

በማግስቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት አምስቱ በዳቦ ቤቱ ተሰበሰቡ፤ መርማሪዋ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ጋጋሪው፣ ሰብሳቢውና ኃላፊው። ሃምሳ አለቃው በሩ ጋ ቆመ። ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ስለነበር ቤቱ ያልተለመደ ቅዝቃዜ ነበረው። ግድግዳው ዝም ብሏል። የሱቁ ባለቤት ግን በየደቂቃው ወደዚያ ትዞር ነበር።

«ከሚታወቀው ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሰውየው ጭስ ገድሎታል። መተንፈሻው ክፍት ቢሆን አይሞትም ነበር። ስለዚህ ተዘግቶ ነበር፤ ሬሳው ሲገኝ ግን ክፍት ነው። ሰው ዘጋው፣ ሰው ከፈተው።»

«ነፋስ ሊሆን አይችልም?» አለ ኃላፊው።

«ነፋስ ጆንያ ጠቅልሎ አይወትፍም። ቆርቆሮዎቹ ላይ ያልደረቀ የዱቄት ልቁጥ አገኘሁ፤ ከውጭ በኩል ደግሞ አንድ ጎኑ ብቻ የራሰ ጆንያ። ዝናብ ሲዘንብ ቀዳዳው ውስጥ ነበር ማለት ነው። መቼ ገባ? ሟቹ ራሱ ነግሮናል። በስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ለውጥ የለም፣ በሰባት ሰዓት ክፍሉ ሞቀ። ዝናቡ ሲጀምርም ድምፁን ከሩቅ ሰማው፤ ቀዳዳው ጥግ ድረስ ስለታፈነ ነው። ቆርቆሮዎቹ ከውስጥ ስለሚሸፍኑት ጆንያውን ሊያየው አይችልም።»

ሰብሳቢው ላብ ጠረገ። «በሰባት ሰዓት እዚያ ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ። ኃላፊውም በስምንት መጥተዋል። የሱቁ ባለቤትም ወጥተው ነበር፤ በመተላለፊያው ሊመለሱ ይችሉ ነበር፣ ምክንያትም ነበራቸው። ጆንያው ለማንም ቅርብ ነው። በዚህ ብቻ ቢሆን አራታችሁንም ይዤ እመለስ ነበር።» ባንኮኒው ላይ ሁለት ትሪ አስቀመጠች። «ይህን ዳቦ ቤት የማያውቅ ሰው አያየውም። እኔም እሳቸው ባያሳዩኝ አላየውም ነበር።»

በአንዱ ትሪ ላይ ያለው ሊጥ እንደ ተረገጠ ጭቃ ተኝቷል። በሌላው ላይ ያለው፣ ሌሊቱን አልፎ ቢደርቅም፣ ክብ እንደሆነ አለ።

«ሁለቱም ከአንድ ገንዳ ናቸው። ይሄኛው ብርዱ ላይ ዋለ፣ ያኛው ከሰውየው ጋር ክፍሉ ውስጥ። እመቤቴ፣ ልጠይቅዎት። መተንፈሻው ተዘግቶ፣ ሁለት ፓኬት እርሾ ያለው ሊጥ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ምን ይሆናል?»

«ይገነፍላል። ትሪውን አልፎ መሬት ይደርሳል» አለች ሴትዮዋ።

«ይህ ግን አልገነፈለም። ልክ ሆኖ ነው የተነሳው። ብርዱ ላይ ያለው ደግሞ ጭራሹን አልተነሳም። ለዚህ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ገንዳው ውስጥ የገባው ግማሽ እርሾ ነበር። ትናንት የተጣለ አንድ ፓኬት ብቻ አገኘን። ሁለተኛው ሳይከፈት ዱቄት ማጥለያው ሥር ተቀምጧል፤ ስለዚህ አልቆ አይደለም። ሊጡ የቦካው በአምስት ሰዓት ነው። መተንፈሻው የተዘጋው በሰባት። ያቦካው ሰው ገና በአምስት ሰዓት፣ ያ ክፍል ከሰዓት በኋላ እንደሚሞቅ ያውቅ ነበር።»

ሰብሳቢው ወደ ትሪዎቹ ተጠጋ።

«ሰው ለመግደል ያሰበ ሰው ስለ ሊጡ ምን አስጨነቀው?» አለ ሰብሳቢው በሹክሹክታ፤ ግን ጋጋሪ ነውና መልሱን ራሱ ያውቀዋል። «ሊጥ ማበላሸት … እጅ እሺ አይልም።»

«እጁ እሺ አላለውም» አለች መርማሪዋ። «ደግሞም እጁ ይህን ከዚህ በፊት ያውቀዋል። ሟቹ ‹በዚያን ቀን ዳቦው ለምን ግማሹ ጥሩ፣ ግማሹ ጠፍጣፋ ሆነ?› ብሎ የጠየቀው ለዚህ ነው። መልሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነሳች። ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነበር። «ትኩሴ?»

ጋጋሪው ቀና አላለም።

«አንተ ልጅ፣ እያናገርኩህ ነው።»

«በጣም ይበርድ ነበር፣ እታለም» አለ። ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር፤ እናታቸው ስትሞት እሷ ያሳደገችው ልጅ። «ሊጡ አልነሳ እያለ ተቸግረን አልነበር? ጆንያ ወትፌ እርሾውን ቀነስኩ። ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም። ከኋላ በኩል ነው የወተፍኩት፣ በሩን አልከፈትኩም። አንቺ ግቢና ተኚ ማለትሽን ማን ነገረኝ? ማንም። ትሪውን ላወጣ ስገባ አየኋት።»

«እና?»

«ወረቀቱ ቀድሞ ተፈርሟል። ሁሉም ወረቀቱን አነበበና ክፍት ነበር አለ። እኔ … ዝም አልኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነገው ሰዉ ‹ራሷን ነው› ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ትናንት ስታደርገውስ?» አለች መርማሪዋ። «ትሪውን ሰውየው አጠገብ ነው ያስቀመጥከው። ዓይኑን እያየህ ወጣህ።»

«ሪፖርቱን ላንብብላት ይል ነበር። ለእሷ። ፊቷ ላይ።» ክንዱን በክንዱ ያዘ። «ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም፣ ኢንስፔክተር። እሷ እንዲህ እንደ አሁኑ እንዳታየኝ ነው።»

እህቱ ያየችው እንደዚያ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችው። ሃምሳ አለቃው እጁን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ እንኳ ዓይኗን አልነቀለችም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «ስትገባ ሕይወት ነበራት?»

ጋጋሪው የእጆቹን መዳፍ አየ።

«አላውቅም። አልነካኋትም። መጀመሪያ ሮጬ የሄድኩት ጆንያውን ላወጣ ነው።»

ይዘውት ሲወጡ ሰብሳቢው መንገድ ለቀቀ። ኃላፊው በእጁ የያዘውን ማህደር ከፍቶ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው።

«እንግዲህ ሪፖርቱ …» አለ ለመርማሪዋ። «ምን ብለን እንጽፈው?»

«የሚጽፈው ሰው ሞቷል» አለችው። «ሌላ ሰው ይምጣና ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከተዘጋ በር ጀርባ ድምፅ ሲያጣ የሚከፍት ሰው ይሁን።»

ሱቁ ባዶ ሆነ። ውጭ ሁለት ሴቶች፣ የትናንቱን ወሬ ይዘው፣ ዳቦ እንዳለ ለማየት ወደ መስታወቱ ተጠግተው ነበር። የሱቁ ባለቤት ወጥታ በሩን ከፈተችላቸው። ወደ ውስጥ ግን አላስገባቻቸውም።

«ዛሬ ዳቦ የለም» አለች። «ልጄ ራሷን አልገደለችም። መተንፈሻው ተዘግቶባት ነው። ለነገራችኋቸው ሁሉ መልሳችሁ ንገሩልኝ።»

አንደኛዋ አንገቷን ደፋች። ሌላኛዋ «እኛ እኮ …» ብላ ጀምራ ተወችው።

ከዚያ ሴትዮዋ ተመልሳ በምድጃው በኩል አለፈች፣ ወደ ክፍሉም ገባች። መርማሪዋ ኮቷን እየደረበች ሳለ ድምፅ ሰማች። ሴትዮዋ ከመሬቱ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ፣ ሰው አጠገቧ እንዳለ ቀስ ብላ ታወራ ነበር።

«ተቀይሜሽ ነበር፣ ልጄ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜሽ ነበር። እኔ እያለሁልሽ እንዴት ጥላኝ ሄደች ብዬ። ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ለቅሶው መጣ፤ መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ በድምፅ። መርማሪዋ በሩን ልትዘጋላት እጇን ዘርግታ ነበር። ተወችውና በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወጣች።